የፕሪንተሩ ገመድ

ሩፋኤል የፕሪንተሩን ገመድ ነቅሎ፣ እንደ ቀበቶ ጠቅልሎ፣ ከምሳ ዕቃው ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተተና ትየርኪዲ ስደተኞች ጣቢያ ወዳለው ሥራው ሄደ። ይህን ሲያደርግ ያየው ሰው የለም። እናቱ ወይዘሮ ኮከብ ግን ከማየት የባሰውን ሰምተዋል። በሳሎኑና በልጃቸው መኝታ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጋምቤላ ውስጥ ቤት ሲሠራ ነፋስ ይለፍ እየተባለ ወሬም አብሮ ያልፋል። “በሁለት ወር ሁለት ካርትሪጅ ጨረሰች” ይል ነበር ለሚስቱ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። “የሰፈሩ አስተማሪ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ እሷ በነጻ ታትምለታለች። ቀለም ስንት እንደገባ አታውቅ። በቃ፣ ገመዱን ይዤው እሄዳለሁ፤ ያለ ገመድ ምን ታመጣለች?” መቅደላዊት በምትሠራበት ሆስፒታል ተረኛ ሆና አድራ ገና ጋደም ማለቷ ነበርና “እህም” ብቻ አለችው። ወይዘሮ ኮከብ ሳሎኑ መሃል መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ሩፋኤል ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህ ይታወቅለት። እናቱ ጡረታ ሲወጡ ወደ ቤቱ የወሰዳቸው እሱ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሳይጠይቁት ገዝቶ የሚያመጣውም እሱ ነው። ብቻ የሚሠራው ስደተኞች ጣቢያው ውስጥ በአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ስለሆነ፣ ቆጥሮ መረከብና ቆጥሮ ማስረከብ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ቤትም ሲገባ የሚያየው ዕቃና የዕቃ ጉድለት ነው። ደግሞም አይፈረድበትም፤ ከተማው መሃል ያለው ሱቅ ጥቁሩን ካርትሪጅ ብቻውን አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ይለዋል፣ ባለሱቁም ዋጋውን ሲናገር ቅንጣት አያፍርም። ወይዘሮ ኮከብ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ያልወጣላቸው ግን አባካኝ መባላቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከክልሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ታይፒስት ነበሩ። ጽሑፍ በስቴንስል ወረቀት በሚባዛበት ዘመን የሌላው ጸሐፊ ስቴንስል መቶ ኮፒ ሳያወጣ ሲቀደድ የእሳቸው ሦስት መቶ ያወጣ ነበር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቀለም ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ “መጀመሪያ ሄዳችሁ ከኮከብ ተማሩ” እያለ ይመልስ ነበር። እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው በገዛ ልጃቸው አፍ ቀለም ጨራሽ የተባሉት። ሆድ ባሳቸው። መጥረጊያውን ጥግ አስደግፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መቀመጡም አልሆነላቸውምና መልሰው ተነሱ።

አኬሎ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። አኬሎ ኦቻላ ከእነሱ ሦስተኛው ቤት የምትኖር፣ እዚሁ ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ትልቋንም ትንሿንም “አንቺ” ትላለች፤ ወይዘሮ ኮከብ ሠላሳ ስድስት ዓመት ጋምቤላ ሲኖሩ ይህን እንደ ንቀት ቆጥረውት አያውቁም። ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ፣ በሌላው እጇ ንጹሕ ወረቀት አቅፋ ነበር። ገና ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም የመጋቢት ሙቀት ፊቷን በላብ አጥቦታል። “እማማ ኮከብ፣ ዛሬ ነው” አለች ሳትቀመጥ። “ትምህርት ቢሮ አምስት ኮፒ ይፈልጋል። አምስት ሰው ያነባል። ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። ዛሬ ካልሰጠሁ ሌላ ዓመት ነው ብለዋል።”

መስጠት ያለባት በአኙዋክኛ የጻፈችውን አሥራ ስድስት ገጽ የልጆች ንባብ ነው። ተረቶቹን አባቷ ባሮ ዳር መረብ ሲጠግን የነገራት ናቸው፤ ሥዕሎቹንም የሣለቻቸው ራሷ ናት። ሁለት ዓመት ለፍታበታለች። ክፍሏ ውስጥ ስድሳ ሁለት ልጆች ሦስት የተቀዳደዱ መጻሕፍት እየተሻሙ ይማራሉ፤ ቢሮው ይህን ከወደደው ለየትምህርት ቤቱ አባዝቶ ሊሰጥ ቃል ገብቷል። ከተማ መሃል ያሉትን ማተሚያ ቤቶች ትናንት ጠይቃ ነው የመጣችው። የአንዱ ማሽን ተበላሽቷል፤ ሌላው ሥዕል አለበት ብሎ ገጹን ሠላሳ ብር አላት፣ ደመወዝ ደግሞ ገና አልገባም። ይህን ሁሉ የነገረቻቸው የለመደችው ቤት እንደመጣ ሰው ተረጋግታ ነው።

ወይዘሮ ኮከብ ወደ ፕሪንተሩ ዞሩ። ከኋላው ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ባዶውን አፍጥጧል። ልጄ እኔን ሊቀጣ ይዞት ሄደ ብሎ ለጎረቤት መንገር ለእሳቸው ሞት ነው። “ገመዱን ሩፋኤል ፈልጎት ወስዶታል” አሉ፤ ነገሩ ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። አኬሎ ወለል ወለሉን እያየች ፌስታሉን መልሳ ጠቀለለችው። ወይዘሮ ኮከብ ይህን ሲያዩ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱት። ሁለት ክብ ጎን ለጎን የተጣበቁበት፣ ስምንት ቁጥርን በጎኗ ያስተኟት የምትመስል ቀዳዳ ናት። ይህችን ቅርጽ ያውቋታል። ቀና ብለው ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን የሟች ባለቤታቸውን ቴፕ አዩ። ቴፑ ካሴት መብላት ከጀመረ፣ ከዚያም ጨርሶ ዝም ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ ገመዱ ግን ጤነኛ ነው። ወንበር ላይ ወጥተው አወረዱት፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ገመዱን ነቅለው ፕሪንተሩ ላይ ሰኩት። ልክክ አለ። ከፕሪንተሩ ፊት አረንጓዴዋ መብራት በራች። “ያለ ገመድ ምን ታመጣለች” አሉ ቀስ ብለው፤ አኬሎ ለምን እንዳሉት አልገባትም።

ማሽኑ ሥራ የጀመረው ግን ወዲያው አልነበረም። አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወዲህና ወዲያ ተመላለሰ፣ የሆነ ነገር እንደሚውጥ ሁሉ ጉርጉር አለ። አኬሎ ላፕቶፗ ላይ የቀለሙን መጠን የሚያሳየውን መስኮት ከፍታ ነበር፤ ጥቁሩ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። ፋይሉን ልትልክ ስትል መብራት ሄደ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች በወረቀት እያራገቡ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያና ስለ ቲማቲም መወደድ እያወሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቁ፤ ልባቸው ግን ሰዓቱ ላይ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ እንደገና ከመጀመሪያው ማጉረምረሙን ያዘ። ሲጨርስ አኬሎ ስክሪኑን አይታ ፊቷ ተለወጠ። “እማማ፣ ቀንሷል። አንድ ወረቀት አልወጣም፣ ቀለሙ ቀንሷል። የት ሄደ?”

ወይዘሮ ኮከብ መነጽራቸውን አጥልቀው አዩት። እውነትም ወርዷል። ሠላሳ ዓመት ማሽን ሲያዳምጡ ኖረዋል፤ የማባዣው ድምፅ ሲለወጥ ከሌላ ክፍል ሆነው የሚያውቁ ሴት ናቸው። “ይኼ ማሽን አፉን እየታጠበ ነው” አሉ በመጨረሻ። “የሚታጠብበት ውሃ ደግሞ የለውም። በቀለሙ ነው የሚታጠበው።” ይህን እንዳሉ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያቸው። አምና መብራት ድንገት ኃይሉ ጨምሮ መጥቶ ፍሪጃቸውን ካቃጠለው ወዲህ ሩፋኤል ማታ ማታ ቤቱን እየዞረ ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ይነቅላል። ጋምቤላ ውስጥ ይህን የማያደርግ ቤት የለም፤ ማንም ማንንም አይወቅስም። ፕሪንተሩን ግን በቁልፉ ሳያጠፋ፣ እንደበራ ይመዠርጠዋል። አፉን ሳይከድን የተነቀለ ማሽን በዚያ ሙቀት ቀለሙ አፉ ላይ ይደርቃል፣ በማግስቱ ሲሰካ በድንጋጤ ይታጠባል። በየቀኑ። ሁለት ወር። ካርትሪጆቹን የጠጣው የአስተማሪዎቹ ወረቀት አልነበረም። ወይዘሮ ኮከብ ደስ አላቸው፣ ወዲያውም ተናደዱ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ግን ለማመዛዘን ጊዜ አልነበራቸውም።

“ነይ፣ ወደ ሥራ” አሉ። ድምፃቸው የመሥሪያ ቤቱን ዘመን ድምፅ ሆነ። “ከአሁን ወዲያ መብራት ራሱ ካልሄደ በቀር ማንም አይነካውም። ቀለም የሚቆጥበውን፣ ረቂቅ የሚለውን ምረጪ። ፊደሉን አቅጥኚው፣ ያ ወፍራሙ ርዕስ ይቅር። ሁለት ሁለት ገጹን አንድ ወረቀት ላይ አድርጊው።” አኬሎ የታዘዘችውን ሁሉ እያደረገች ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። ሦስተኛው ገጽ ጉማሬ ነው። ከዳር እስከ ዳር ድፍን ጥቁር፣ የቆመበትም ውሃ ጥቁር፣ በመካከል ሁለት ዓይንና አራት ጥርስ ብቻ ነጭ። ወይዘሮ ኮከብ መነጽራቸውን አወለቁ። “ይኼ ብቻውን የአሥር ገጽ ቀለም ይጠጣል፣ ልጄ። ዳር ዳሩን መስመር አድርጊና መሃሉን ባዶ ተዪው።” አኬሎ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። “ጉማሬ ጥቁር ነው፣ እማማ። አባቴ ሲያወራ ጨለማ ነው፣ ውሃው ጥቁር ነው፣ እሱም ጥቁር ነው። ባዶ ከሆነ ሌላ እንስሳ ነው።” ወይዘሮ ኮከብ ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ተረቱ የእሳቸው አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አራት ሰዓት ከሩብ ይላል። ሁለቱም ጉማሬውን ሲያዩት ቆዩ፤ እሱም አያቸው። “ልጆቹ ራሳቸው ያጥቁሩት” አለች አኬሎ። “እርሳስ አላቸው፣ ከሰል አለ። ከታች ‘አጥቁሩት’ ብዬ እጽፋለሁ።” መሃሉን ስታጠፋው ጉማሬው ባዶ ሆኖ ጭራሽ የባሰበት ቁጡ መሰለ፤ እሷም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አንደኛው ኮፒ ወጣ። ፊደሉ ሳሳ ያለ ቢሆንም ጥርት ብሎ ይነበባል። ሁለተኛው ኮፒ እየወጣ መብራት ዳግመኛ ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ እንደ ልማዱ ታጠበ፤ ወይዘሮ ኮከብ ድምፁን በሰሙ ቁጥር ከአካላቸው የሚቀዳ ይመስል ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ሦስተኛው ኮፒ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፣ ስክሪኑም ቀለም አልቋል፣ አዲስ ግዙ አለ። “እሱ እንዲህ ሲል ነው ወደ ሱቅ የምንሮጥለት” አሉ ወይዘሮ ኮከብ። “ሳያልቅበት ይጮኻል። ፊደሉ ነጥቶ በዓይኔ ካላየሁ አላምነውም።” ቀጥል የሚለውን ቁልፍ ተጫኑት። ማሽኑ እያጉተመተመ ቀጠለ፤ ሦስተኛውን ጨረሰ፣ አራተኛውንም እስከ ግማሹ ወሰደው። ከዚያ ነው በየመስመሩ መሃል ነጭ ሰረዝ መታየት የጀመረው።

ካርትሪጁን አውጥተው እጃቸው ላይ አገላብጠው እያዩት ሳለ መቅደላዊት በሻርፕ እንደተጠቀለለች ከመኝታ ቤት ወጣች። ፕሪንተሩን አየች፣ ከፕሪንተሩ የወጣውን ግራጫ ገመድ አየች፣ ወለሉ ላይ ገመድ አልባ ሆኖ የተቀመጠውን ቴፕ አየች። በአማቷና በእሷ መካከል የከፋ ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ብዙ ነገርም ኖሮ አያውቅም፤ ሁለት ዓመት በ“ደኅና አደሩ”ና በ“ደኅና ዋሉ” ነው የኖሩት። ወይዘሮ ኮከብ አሁን ትናገራለች ብለው ጠበቁ። “ምን ሊያደርጉት ነው?” አለች መቅደላዊት። “አፉን በሞቀ ውሃ በራሰ ጨርቅ ላይ ላሳርፈው ነበር። የደረቀው እንዲለቅ።” መቅደላዊት ተመልሳ ገባች። ስትወጣ ከሥራ ቦርሳዋ ያልተከፈተ የቁስል ማሰሪያ ጎዝ፣ ከኩሽና ደግሞ ፔርሙስ ይዛ ነበር። “ጨርቅ ክር ይተውበታል፣ እማማ። በዚህ ያድርጉት” አለች፣ ወንበርም ስባ ተቀመጠች። ካርትሪጁ በሙቅ ውሃ በራሰው ጎዝ ላይ እንደተቀመጠ ጥቁር ምልክት አተመ። ደረቅ አድርገው መልሰው ሲከቱት አራተኛው ኮፒ ያለ አንዲት ሰረዝ ተጠናቀቀ። ሦስቱም ሴቶች ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት፤ መቅደላዊትም ሳትጠየቅ ገጾቹን እያስተካከለች በስቴፕለር ማያያዝ ጀመረች።

አምስተኛው ኮፒ ሁለተኛ ገጹ ላይ ፊደሉ ነጣ። “አሁን እውነቱን ተናገረ” አሉ ወይዘሮ ኮከብ። ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ነው። አኬሎ እጇን ጭኗ ላይ ጣለች፤ ከአምስት አንባቢ አንዱ ባዶ እጁን ሊቀር ነው። ወይዘሮ ኮከብ ግን ሌላኛውን ካርትሪጅ፣ ማንም የማይነካውን ባለ ቀለሙን እያዩ ነበር። “ፊደል የግድ ጥቁር ይሁን ያለው ማነው? ሁሉንም ምረጪና ጠቆር ያለ ሰማያዊ አድርጊው።” አምስተኛው ኮፒ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የጉማሬውም መስመር ሰማያዊ፣ የውሃውም ሰማያዊ። አኬሎ ደጋግማ ገለጠችው። “ይኼኛው ነው የሚያምረው” አለች።

ዓርብ ዓርብ ሩፋኤል በጊዜ ይመለሳል። የድርጅቱ መኪና በር ላይ ሲያራግፈው ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ገና በረንዳው ላይ እያለ የማሽኑን ድምፅ ሰማ፤ ገብቶ ሳሎኑ መሃል ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆመ። ዓይኑ ከፕሪንተሩ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ አባቱ ቴፕ ሄደ። “እማዬ” አለ። ወይዘሮ ኮከብ ከጧት ጀምሮ በሆዳቸው ሲያሰናዱት የዋሉት ንግግር ነበራቸው። ልጃቸው በላብ የራሰ ሸሚዙን ለብሶ እንደዚያ ሲቆም ሲያዩት ግማሹ ጠፋባቸው። “ማታ ማታ እንደበራ ስትነቅለው አፉን ሳይከድን ይቀራል” አሉት። “በሙቀቱ ይደርቃል፤ ጧት ስትሰካው በቀለም ይታጠባል። ሁለቱን ካርትሪጅ ያጠጣኸው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። አሁን ነቅዬ ባሳይህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቀለም ይባክናል። በቁልፉ አጥፋው፤ መብራቷ ስትጠፋ ያን ጊዜ ንቀለው።”

ሩፋኤል ወደ ሚስቱ ዞረ። “እውነት ነው” አለች መቅደላዊት ስቴፕለሯን ሳታስቀምጥ። “ደግሞ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፣ ሩፊ።” ጆሮው ድረስ ቀላ። ቦርሳውን ከፈተ፣ የተጠቀለለውን ገመድ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ብሎ እናቱ እጅ ላይ አስቀመጠው። ይቅርታ የሚል ቃል በዚያ ቤት ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ በዚያን ቀንም አልተነገረም። ወይዘሮ ኮከብ ገመዱን ተቀበሉት።

የቀረችው የጀርባዋ ገጽ ናት፤ የጸሐፊዋና የረዷት ሰዎች ስም በአማርኛ የሚሰፍርባት። አኬሎ የራሷን ጻፈች፣ የአባቷን ጻፈች፣ ከዚያ “ያተመችው” ብላ ቀና አለች። “እማማ፣ ስምሽ ሙሉውን?” ወይዘሮ ኮከብ እጃቸውን አወናጨፉ። “ኮ/ወ በይው፣ ይበቃል።” ሠላሳ ዓመት ስማቸው እንደዚያ ነበር። በጻፉት ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ፣ ከአለቃው ስም ፊደላት ቀጥሎ፣ በግራ ጥግ፣ ኮ/ወ። በስንት ሺህ ደብዳቤ ላይ እንደወጣ እግዜር ይወቅ፤ ሰው የተሾመበት፣ ሰው የተዛወረበት፣ መንገድ የተፈቀደበት ደብዳቤ ነው። ፈራሚው ሲመሰገን ኮ/ወ ማን ናት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እሳቸውም እንዲጠየቅ ጠብቀው አያውቁም።

“አንዴ” አለ ሩፋኤል። አኬሎ ቦታዋን ለቀቀችለት። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ በሁለት ጣቱ፣ ፊደል እየፈለገ፣ ቀስ ብሎ ጻፈ፤ ወይዘሮ ኮከብ ወልደሥላሴ ገብረየስ። አየውና የፊደሉን መጠን ከፍ አደረገው። እናቱ ከኋላው ቆመው ነበር፤ ስለ ቀለም አንድ ቃል አልተናገሩም። አምስቱ ገጽ ተራ በተራ ወጡ። መቅደላዊት አያያዘቻቸው፣ አኬሎ በንጹሕ ፌስታል ጠቀለለቻቸው፣ ወይዘሮ ኮከብን አንገታቸው ሥር ሳመቻቸውና ላፕቶፗን እዚያው ትታ የባጃጅ ድምፅ ወደ ሰማችበት ሮጠች። ለዘጠኝ ሰዓት ገና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀራታል።

ሩፋኤል ጣቱን ወደ ማሽኑ ማጥፊያ ቁልፍ ሰደደና ሳይጫነው ቆመ። “ሌላ የሚታተም ነገር አለ፣ እማዬ?”

“አንድ አለ” አሉ ወይዘሮ ኮከብ። “ያችን የመጨረሻዋን ገጽ፤ ለእኔ።”